«አንዱ ይይዛል»

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ማታ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ባሕር ዳር አውቶ መካኒክ ሳስተምረው ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ፣ ወርክሾፕ ሲገባ ግን እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ ነበር። አሁን እዚሁ ሚኒሶታ ሁለት ልጆች ወልዷል፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። እኔን ግን ዛሬም «ቲቸር» ነው የሚለኝ።

«ቲቸር፣ ጀልባ ገዛሁ!»

አልገረመኝም። እዚህ የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ተብሎ ተጽፏል። የገዛው ያገለገለ 22 ጫማ የፋይበር ጀልባ ነው፣ ከነተሳቢው። ተሳቢው ሁለት አክስልና አራት ጎማ አለው። ችግሩ ፍሬኑ ነው። ፍሬን የነበረው ፊተኛው አክስል ላይ ብቻ ሲሆን እሱም ዝጎ ተጣብቋል፤ ማስተር ሲሊንደሩም ሞቷል። ኋለኛው አክስል ድሮውኑም ባዶ ነው። ጋራዥ ሄዶ ሲጠይቅ ሁለት ዋጋ ነገሩት፦ አንዱን አክስል ብቻ በአዲስ ዲስክ ማሠራት ወይም ሁለቱንም ማሠራት። ልዩነቱ 700 ዶላር ነው።

«ሕጉ ፍሬን ይኑረው ነው የሚለው እንጂ በስንት አክስል አይልም። አንዱ ይይዛል፣ አይደል ቲቸር? ምን ይላሉ?»

ልመልስለት አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። «ነገ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁት። እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄው አልነበረም፤ «ይይዛል» የምትለው ቃል ናት። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄውን እንደ መካኒክ እንየው።

ስለ ሕጉ ልጁ አልተሳሳተም። በሚኒሶታ ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ፣ እሱን ለመቆጣጠርና ለማቆም የሚበቃ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። አክስል አይቆጥርም። ሌላ ስቴት ብትሄዱ በሁሉም ጎማ ላይ ካልሆነ የሚልም አለ። ስለዚህ ተሳቢ ይዞ ከስቴት ስቴት የሚሻገር ሰው የሚሄድበትንም ሕግ ማየት አለበት። ሆኖም «የሚበቃ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ይበቃል አይበቃም የሚለውን የሚወስነው ክብደቱ ነው።

በማግስቱ ደውዬ «ክብደቱ ስንት ነው?» አልኩት። «3,900 ፓውንድ» አለኝ። ከብሮሹር ላይ አንብቦ ነው። እሱ ባዶ ጀልባ ነው! ቤንዚን በጋሎን ስድስት ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ 60 ጋሎን ሲሞላ 360 ፓውንድ ተጨመረ ማለት ነው። ባትሪ አለ፣ መልሕቅ አለ፣ ገመድ፣ የበረዶ ሳጥን፣ የዓሣ ማጥመጃ ኮተት አለ። ተሳቢው ራሱም 1,150 ፓውንድ ነው። ያንኑ ሳምንት ሞልተን፣ ጭነን፣ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣነው። ጀልባው ከነተሳቢው 5,900 ፓውንድ መዘነ። ወደ 2,700 ኪሎ መሆኑ ነው። የሚጎትተው ፒካፕ እንኳ ይህን ያህል አይመዝንም።

አሁን ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ላስታውሳችሁ። አብዛኛው የጀልባ ተሳቢ «ሰርጅ ብሬክ» የሚባለው ነው። ከሾፌሩ ፔዳል የሚመጣ ቱቦ የለውም። ፒካፑ ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው መሄዱን ይቀጥልና ከኋላ ይገፋል። ያ ግፊት ጋንቾው ላይ ያለውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ይጫነዋል፣ እሱ ማስተር ሲሊንደሩን ይጫናል፣ ዘይቱም ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። ተሳቢው በገዛ ግፊቱ ራሱን ያቆማል ማለት ነው። ብልህ ሥራ ነው። ግን ዘይቱ የሚደርሰው ፍሬን ያለበት ጎማ ጋ ብቻ ነው።

ስሌቱን ሻይ እየጠጣን ወረቀት ላይ ሠራንለት። ከ5,900ው ውስጥ አሥር ከመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ፣ ማለትም ፒካፑ ላይ ያርፋል። የቀረውን 5,300 ሁለቱ አክስሎች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 2,650 ይደርሳል። ጎማ ከተሸከመው ክብደት በላይ መያዝ አይችልም። በደረቅ አስፋልት የክብደቱን 70 ከመቶ፣ በዝናብ 40 ከመቶ ያህል ይይዛል ብለን እናስላ። ባለ አንድ አክስሉ ፍሬን በደረቅ ቢበዛ 1,850 ፓውንድ፣ በዝናብ ደግሞ 1,060 ፓውንድ ያህል የመያዝ ኃይል አለው። ድንገት ልጅ መንገድ ላይ ገብቶ ሾፌሩ ደረቅ አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይሉ ቢይዝ፣ ያንን ተሳቢ ለማቆም ወደ 4,100 ፓውንድ ያስፈልጋል። የጎደለው ከ2,200 በላይ የሆነ ኃይል የት ይሄዳል? ጋንቾው ላይ ነዋ! ፒካፑን ከኋላ ይገፋዋል። ፒካፑ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋውና እንደ ሰንጢ ያጥፈዋል። ሁለቱም አክስል ፍሬን ካለው የሚጎድለው 400 አካባቢ ብቻ ነው።

«አክስሎቹ እኩል ቢካፈሉት» ያልኩትም በምክንያት ነው። የዚህ ተሳቢ አክስል ባሌስትራ የለውም፤ ውስጡ ላስቲክ ያለው ቶርሽን የሚባለው ነው። ክብደቱን ከአንዱ አክስል ወደ ሌላው የሚያስተካክልለት ነገር የለም። ጋንቾው ትንሽ ከፍ ብሎ ከታሰረ የተሳቢው አፍንጫ ይነሳና ሸክሙ ወደ ኋለኛው አክስል ይሄዳል። ፍሬኑ ያለው ፊተኛው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ፍሬን ያለው ጎማ ቀሎ ይንሸራተታል፣ ሸክም ያለበት ጎማ ደግሞ ዝም ብሎ ይንከባለላል።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ይህ ተሳቢ በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ የያዘው ጉልበት ሦስት ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ቁልቁለት ሲሆን ይብሳል፤ ከፍታው በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ወደ ስምንት ሊትር ውሃ የሚያፈላ ጉልበት ይለቀቃል። ነፋስና የጎማ ሰበቃ የተወሰነውን ይወስዳሉ፣ የፒካፑ ሞተርና ፍሬንም ያግዛሉ፤ ብዙው ግን የተሳቢው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሰርጅ ብሬክ ደግሞ ቁልቁለት ላይ አንድ ጠባይ አለው። ሾፌሩ በማርሽ ቢይዝም ተሳቢው እየገፋ ስለሆነ የራሱ ፍሬን እንደተያዘ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሙቀት ለሁለት ዲስክ ይከፈል ወይስ ለአራት? ጥያቄው ይኸው ነው።

ለአንድ አክስል የሚከራከር ሰውም እውነት አለው፤ አልክድም። ጀልባ ተሳቢ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ክረምት ደግሞ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ብረት ይበላል። አራት ፍሬን ማለት ለዝገት ሁለት እጥፍ ቦታ ማለት ነው። ማንም የማያያቸው አራት የተጣበቁ ፍሬኖች በየዓመቱ ከሚፈተሹ ሁለት ይብሳሉ። ይህን ለልጁ በግልጽ ነገርኩት። ግን «አልንከባከበውም» ማለት ለማነስ ምክንያት ከሆነ፣ ጀልባውን ራሱን አለመግዛት ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ብዙዎቻችሁ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስለ ፍሬን ተምራችኋል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አልነገርኳችሁም።

1988 ዓ.ም. ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ፤ ገና ልጅ ነኝ። ጤፍ የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል የተሳቢው የኋላ አክስል ላይ አየር ይተፋል። የፍሬኑ ላስቲክ ተቀዷል። መለዋወጫው ማርቆስ ውስጥ የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል። ባለ ንብረቱ ቆሞ «ዝጋውና ይሂድ» አለኝ። እኔም ወደዚያ አክስል የሚሄደውን ቱቦ ፈትቼ፣ ብሎን ከትቼ፣ በሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። አየሩ መትፋቱን አቆመ። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነበር፤ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየውና «አንተ ልጅ፣ ይይዛል?» አለኝ።

«ይይዛል ጋሼ፤ አንዱ ይይዛል» አልኩት።

ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ ያለውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ግማሽ ሳይደርሱ የቀረው አክስል ጨሰ፣ ሸራው ተቃጠለ፣ ተሳቢው መግፋት ጀመረ። ሾፌሩ ነፍሱን ይማርና ብልህ ሰው ነበር፤ ገደሉን ትቶ መኪናውን ከተራራው ጋር አፋተገው። ተሳቢው ተገለበጠ። ረዳቱ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዘሎ ወረደና እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በኋላ ማርቆስ ገበያ ውስጥ እያነከሰ ሲሄድ አየው ነበር። አንድም ቀን ጠርቼ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ሾፌሩ ከአሥር ቀን በኋላ ጋራዡ መጣ። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ከኪሱ ያንን ብሎን አውጥቶ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ያልከው አልያዘም» አለኝና ሄደ።

እዚያ ቀን ላይ ሕግ አልጣስኩም ብዬ ልከራከር እችል ነበር። ያዘዘኝ ባለ ንብረቱ ነው ልልም እችላለሁ። ግን ሾፌሩ የጠየቀው ባለ ንብረቱን አይደለም፤ እኔን ነው። እኔ ደግሞ ሳላሰላ መለስኩ። አለማወቄ አይደለም የሚቆጨኝ፤ የማውቀውን ቆም ብዬ አለማሰቤ ነው። አንድ አክስል ሜዳ ላይ ይይዛል። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ይይዛል። ፍሬን የሚሠራው ግን ሜዳ ላይ ለሚሆነው ቀን አይደለም።

ይህን ታሪክ ለልጁ ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ቲቸር፣ ሁለቱንም አሠራዋለሁ» አለኝ። ወጪ ለመቀነስ ቅዳሜና እሑድ እኛው ሠራነው። አራት ዲስክ ገባለት። ማስተር ሲሊንደሩን ለአራት ዲስክ የሚበቃውን መርጠን ቀየርነው። የዲስክና የታምቡር ማስተር ሲሊንደር አንድ አይደለም፤ አንዱን አክስል ዲስክ ሌላውን ታምቡር ማድረግም አይመከርም፤ የሚፈልጉት ግፊት ይለያያል። ወደ ኋላ ሲነዳ ፍሬኑ እንዳይዝ የሚዘጋውን ሶሌኖይድ ከኋላ ማርሽ መብራት ጋር አገናኘነው። ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበውን ካቦም ቀየርን። ጋንቾውን አውርደን ተሳቢው ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረግነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዱሉዝ፣ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ወሰድነው። ሁለቱ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አይ-35 አውራ ጎዳና ዱሉዝ ሊደርስ ሲል ቶምሰን ሂል ላይ ይወጣና ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። አባይ በረሃ አይደለም፤ ግን መዳፌ አልቦ ነበር። ከአፋፉ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ማርሽ አውርዶ ጀመረ። እኔ የጎን መስታወቱን እያየሁ ነበር። ጭስም የለ፣ ግፊትም የለ።

ታች ደርሰን እንደቆምን ወርጄ በየጎማው መሃል እጄን ሳላስነካ ቀረብ አደረግኩ። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ አይሠራም ማለት ነው፤ አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ተጣብቋል ማለት ነው። አራቱም እኩል ሞቀው ነበር። ትንሿ ልጅ ተከትላኝ ወርዳ «ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። «ሥራቸውን መሥራታቸውን እያየሁ ነው» አልኳት። ከዚያ ጀልባውን ከማውረዳችን በፊት እስኪበርድ ሻይ ጠጣን፤ የሞቀ ጎማ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ኩሽኔታው ውስጥ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል። ግራሶው ያኔ ነው የሚበላሸው።

ተማሪዎቼ፣ አሁን ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ ጋራዥ አላችሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ቁልፍ ይዞ ፊታችሁ ቆሞ «ይይዛል?» ይላችኋል። እባካችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ፣ መንገዱን ጠይቁ፣ ማን እንደሚሳፈር ጠይቁ። «አላውቅም፣ ልየው» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ይህን ለመማር የሰው እግር አስከፍያለሁ።

ያ ረዳት ዛሬ በሕይወት ካለ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። የማርቆስ ሰዎች፣ በዚያ ዘመን አባይ በረሃ ላይ ጤፍ የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ እግሩ የተሰበረ ረዳት የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የዘገየ ይቅርታ አለብኝ።

ሰላም ሰንብቱ።