መቀናጆ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ እንጅባራ ላይ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ከታላቅ እኅቴ ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጬ ከወደ ለንደን የተሰማ ዜና አነብላት ነበር። ዜናው ዊምብልደን በተባለው ታላቅ የቴኒስ ውድድር ስለ ተደረገው የወጣት ልጃገረዶች የጥንድ ፍጻሜ ነው። የ18 ዓመቷ ኬንያዊት አንጄላ ኦኩቶዪ፣ ከኔዘርላንዳዊቷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ተጣምራ፣ የካናዳዎቹን ኬይላ ክሮስንና ቪክቶሪያ ምቦኮን ረትታለች። የመጀመሪያውን ዙር 3 ለ 6 ተሸነፉ፤ ሁለተኛውን 6 ለ 4 አሸነፉ፤ በመለያው 11 ለ 9 ድሉን ጨበጡ። ከእነዚያ ታላላቅ ውድድሮች በአንዱ ኬንያዊ ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እኅቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ጥንድ ማለት እንዴት ያለ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱ በአንድ ወገን ይቆማሉ። አንዷ ወደ መረቡ ስትጠጋ ሌላዋ ኋላዋን ትጠብቃለች። የአንዷ ጥፋት የሁለቱም ጥፋት፣ የአንዷ ነጥብ የሁለቱም ነጥብ ነው።»

«እንግዲያ መቀናጆ ነዋ፣ ወንድምዓለም!»

አባታችን ሲሞት የቀረን አንድ በሬ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና፣ እናታችን እንደኛው ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤት ጋር ተቀናጀች፤ አንድ ቀን በእኛ ማሳ፣ አንድ ቀን በእርሱ ማሳ ጥማዱ ይውላል። ገብሳችን የበቀለው በዚህ ነው። ወደ ትምህርት ቤት መላክ የተቻለው ግን ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነበር። በሩጫም ሆነ በጨርቅ ኳስ እኅቴ ትበልጠኝ ነበር፤ የተላክሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ ዳንግላ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ስማር፣ አረሙና አጨዳው፣ ውኃውና እንጨቱ በእርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በሶ በአቆማዳ ተሸክማ በእግሯ ዳንግላ ትደርስ፣ ስንቄን አራግፋ በማግስቱ ትመለስ ነበር።

ንባቤን ቀጠልሁ። ኦኩቶዪ በተወለደች ጊዜ እናቷ ሞታለች፤ እርሷንና መንትያዋን ያሳደገቻቸው አያታቸው ነች። ከእርሷ በፊትም ዚምባብዌያዊቷ ካራ ብላክ ይህንኑ የልጃገረዶች ጥንድ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1995 ከፖላንዳዊቷ አሌክሳንድራ ኦልሻ፣ በ1997 ከካዛኪስታኗ ኢሪና ሰሊዩቲና ጋር አሸንፋለች። ካደገች በኋላ በ2004፣ በ2005 እና በ2007 የሴቶቹን ጥንድ ዋንጫ እዚያው ለንደን ላይ አነሣች። አምስቱንም ጊዜ አጠገቧ ሌላ ሰው ነበረ።

እኅቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። «መዝገብ ላይ የሚጻፈው የማን ስም ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የሁለቱም።»

«ደግ ነው» አለችና ዝም አለች።

ከበላይዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬ በመስተዋት ተለብጦ ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ ለእንግዳ አሳይቼዋለሁ። በዚያች ሌሊት ግን ቀና ብዬ ሳየው፣ የተጻፈበት ስም አንድ ብቻ መሆኑን እንደ አዲስ አስተዋልሁ። ይህንንም ልነግራት አልደፈርሁም፤ ማንበብ ስለማትችል፣ ዛሬም እየጻፍሁት ያለሁት ለሌላ ሰው ነው። በሚቀጥለው ጉዞዬ ግን እዚያው ምድጃ ዳር ተቀምጬ አነብላታለሁ።