«ኪታቡን ገልጣችሁ አይታችኋል?»



ሰሞኑን እዚህ ኮልፌ ለመስጂዳችን ማስታወቂያ ስለ ንግድ ታማኝነት አንድ ሐዲስ ፈለግንና ስልካችን ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ጠየቅነው። ባፍታ ያማረ ዐረብኛ ከነቁጥሩ አወጣልን። ለሸይኻችን ስናሳያቸው የጠየቁን አንድ ነገር ነው፦ «ኪታቡን ገልጣችሁ አይታችኋል?»

አላየንም ነበር። ስንገልጠው በዚያ ቁጥር ያለው ሌላ ሐዲስ ነው። ዓመታት መድረሳ የቀራን ሰዎች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያላሉትን በስማቸው ልንለጥፍ ነበር። አስተግፊሩላህ!

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኤአይ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። እውነት የሚመስለውን ይሰጣል እንጂ ሰነድ አያጣራም። ሙሐዲሶቻችን ግን «ከማን ሰማህ?» ሳይሉ አይቀበሉም ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች «ማሽን እንጀራችንን ሊቀማን ነው?» ይሉናል። እውነቱን እንነጋገር፤ አንዳንድ ሥራ ይሄዳል። በብሩሽ ታፔላ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን የባነር ማተሚያ ወስዶባቸዋል። የጀለቢያ ጥልፍም ወደ ኮምፒውተር ማሽን ገብቷል። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ከተጠራጠሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ዛሬ ይሸጡበታል።

ቴክኖሎጂን መማር ነውር አይደለም። አላህ ለነብዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን አለስልሶላቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር። በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በነፃ ተጀምሯል፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው እንዲህ ያለውን ዕድል ሲያገኝ ይጠቀምበት።

ነገር ግን አማናን ማሽን አይሸከምልንም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ሲያስገቡ ሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ነጋዴውንም እርጥቡን ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት። ታዲያ የጫማውን ፎቶ በኤአይ አሳምሮ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ወንድማችን ከዚያ ነጋዴ በምን ይለያል? ደንበኛው እጁን የሚያስገባበት ክምር እንኳ የለውም።

ስለዚህ እንማር፣ እንሥራበት፤ ግን ከመለጠፋችንና ከመሸጣችን በፊት እናጣራ። የውመል ቂያማ የሚጠየቀው ስልኩ አይደለም፤ እኛ ነን።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።