ውበቱን እያወቅሁ

ይህን ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው አስቤ ተውኩት። «ቤት ገዝተህ፣ አድሰህ፣ ሸጥህ፤ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?» ቢሉኝ መልስ አይኖረኝም ብዬ ነው። ወይም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ብለው እንዲያቀሉልኝ ፈልጌ እንዳይሆን ፈርቼ ነው። አንባቢ አይፈታም፣ አያስርም። ስለዚህ ለአንባቢ ልንገር።

ሎስ አንጀለስ የኖረ ሐበሻ ፌርፋክስን ያውቃል። በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለችውን፣ ከተማው በ2002 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማትን ቁራጭ መንገድ ማለቴ ነው። እሑድ ከሰዓት ምግብ ቤቶቹ ሲሞሉ ዋናው መንገድ ላይ ማቆሚያ አይገኝም፤ ሰው ወደ ጎን ይታጠፍና በካርቴይ ሰርክል ወይም በሳውዝ ካርቴይ ቤቶች ደጃፍ መኪናውን ያቆማል። እኔም ሰፈሩን የለመድኩት እንዲያ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ ቅስት በር፣ ብረት ቀጥቃጭ በእጁ የጠመዘዘው የመስኮት ፍርግርግ። ቀጥሎ ደግሞ የእንግሊዝ ገጠር የሚያስመስል፣ ጣሪያው ሹል፣ ፊቱ ላይ ጥቁር እንጨት አግድምና ሽቅብ የተመታበት ቤት። አብዛኞቹ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ጥብሴን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ስወጣ ቶሎ መኪናዬ ውስጥ አልገባም ነበር።

ምን እንደሚስበኝ አስቤበታለሁ። ይህች ከተማ በአመዛኙ ለመኪና የተሠራች ናት። እነዚያ ቤቶች ግን በእግሩ ለሚመጣ ሰው የተሠሩ ይመስላሉ። በሩ ከሰው ትከሻ ጋር የተለካ ነው፤ መስኮቱ በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ ወደ ኋላ ገባ ብሏል፤ ልስኑ ወጣ ገባ ስለሆነ የአመሻሽ ፀሐይ ሲያርፍበት የለሳኙ የእጅ ምልልስ ይታያል። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ እንደሠራው ይገባችኋል። ይህን ሁሉ አስተውል ነበር። ቀጥሎ የምለውን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ ባላስተውል ኖሮ ጥፋቴ አለማወቅ ብቻ በሆነ ነበር።

ሥራዬ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ መሸጥ ነበር። ከ2008ቱ የቤት ገበያ ቀውስ በኋላ ብዙ ሰው የገባበት ሥራ ነው፤ እኔም ታክሲ ነድቼ ያጠራቀምኩትን ይዤ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ገባሁበት። ሥራው በራሱ ነውር የለበትም። ሊወድቅ የደረሰ ቤት አንሥቶ ለአንድ ቤተሰብ ማድረስ ደግ ነገር ነው፤ እንደዚያ ያደረግንባቸው ቤቶችም አሉ። የምናዘዘው ስለ አንዱ ነው።

ቤቱ ከሌይመርት ፓርክ ብዙ የማይርቅ መንገድ ላይ ያለ፣ በ1928 የተሠራ፣ እዚህ ሰው ባጭሩ «ስፓኒሽ» የሚለው ዓይነት ነበር። ባለቤቷ ዕድሜያቸው የገፋ ጥቁር አሜሪካዊት ሲሆኑ ቤቱን የገዙት አባታቸው ናቸው፤ በ1950ዎቹ። የሰፈሩን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌይመርት ፓርክ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረት የቤቶቹ ውል ጥቁር ሰው እንዳይገባባቸው ይከለክል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች አያስፈጽሙም ብሎ ከወሰነ በኋላም መንገዱ ቶሎ አልተከፈተም። በኋላ ለሃያ ዓመት የከተማዋ ከንቲባ የሆኑት፣ ያኔ ፖሊስ የነበሩት ቶም ብራድሊ በ1950 እዚያ ቤት የገዙት በመሀል ነጭ ገዢ አቁመው ነው። የሴትዮዋ አባት እንዴት እንደገዙ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን የጠየቅኩት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ነው።

ቤቱን ሲያሳዩኝ ሳሎን መስኮት ጋ ቆሙና በሁለት ጣት ወደ ላይ ገፉት። ወጣ፤ የተዉት ቦታ ላይም ጸጥ ብሎ ቆመ። በመቃኑ ጎን፣ ግድግዳው ውስጥ፣ በገመድና በመዘውር የተንጠለጠለ ብረት አለ፤ ክብደቱ ከመስኮቱ ጋር የተመዛዘነ ስለሆነ መስኮቱ በራሱ አይወርድም። «አባቴ ገመዶቹን በየዓመቱ ያይ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በላይ ስለ መስኮቱ አልተናገሩም።

ሌሎች ገዢዎች ነበሩ። ምናልባት ከእኔ የተሻለ ዋጋ ያቀረበም ነበር። እኔን የመረጡት ቤቱን እንደምወደው ስለነገርኳቸው ነው። አፍሪካዊነቴንም አንሥቻለሁ። ቃል በቃል ምን እንዳልኩ አላስታውስም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አስታውሳለሁ። «እኛው ጋ ይቆያል» ነው ያልኳቸው። እኔ ቤቱን ለማቆየት አልነበረም የምገዛው፤ እስከሚሸጥ ድረስ ነው። ቤቱን እወደዋለሁ ማለቴ ግን ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። እውነተኛ ስሜቴን አውጥቼ መደራደሪያ አደረግኩት።

ከዚያ ማፍረስ ጀመርን። የዚያ ዘመን ግድግዳ ቀጫጭን ጣውላ ተርታውን ተመትቶበት በላዩ ደጋግሞ የተለሰነ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ኮርኒሱና ግድግዳው በማዕዘን አይገናኙም ነበር፤ ልስኑ ጎበጥ ብሎ ይወርዳል። ኮሪደሩ ላይ ስልክ የሚቀመጥበት፣ አናቱ ቅስት የሆነ ትንሽ ቦታ ግድግዳው ውስጥ ተቀርጿል። አንድ ሜክሲኳዊ ለሳኝ ለሥራ አስጠርቼው ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ስንጥቆቹን በመዳፉ እየተከተለ ዞረና «ይህ ይጠገናል» አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። አፍርሶ፣ ፍርስራሹን አስጭኖ ድራይዎል የሚባለውን የጂፕሰም ሰሌዳ ከማስመታት አይበልጥም ነበር። ቢበልጥም በጥቂት ነው። አመስግኜ ሸኘሁት፤ ድራይዎሉን አስመታሁ።

ስለዚህ ምክንያቴ ገንዘብ ነበር ማለት አልችልም፤ ቢያንስ ገንዘብ ብቻ ነበር ማለት አልችልም። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ የሆነ የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ማታ አይጥ አቡጀዴው ላይ ሲሮጥ ዱካው ከታች ይታየን ነበር። ለእኔ አሮጌ ቤት ማለት ያ ነው፤ ማምለጥ ማለት ደግሞ ቀጥ ያለ ግድግዳና የሚያብለጨልጭ ወለል። ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር ገዢው ሊስቅብኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግን ብዙ እንዳልደገፍበት እጠነቀቃለሁ። የጭቃ ቤቱ ልጅ ብቻ አልነበርኩማ። ፌርፋክስ ዳር ቆሞ ልስን ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ የሚያየው ሰውዬም እኔው ነበርኩ፤ መዶሻው ሲነሣ ያ ሰውዬ ዝም አለ።

ሌላም ማሳበቢያ ነበረኝ፤ የተማረ ሰው ማሳበቢያ። እነዚህ ቤቶች ራሳቸው ማስመሰያ ናቸው እል ነበር። የስፔን ዘይቤ የተባለው በካሊፎርኒያ የተስፋፋው በ1915 ሳን ዲየጎ ከተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ወዲህ ነው፤ የሕንፃዎቹ ዋና አርክቴክት የኒው ዮርኩ በርትራም ጉድሂው ነበር። ሳንታ ባርባራ በ1925 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ መሀል ከተማዋን በዚሁ መልክ ሠሯት። እንዲያስታውሱት የተፈለገው ከ1769 ጀምሮ የተተከሉት የስፔን ሚሲዮኖች ዘመን ነው፤ ያን ዘመን ደግሞ ነባሮቹ የአገሩ ሰዎች በጉልበታቸውና በሕይወታቸው ከፍለውታል። የእንግሊዙ ዓይነት ቤት ፊት ላይ ያለው ጥቁር እንጨትም አብዛኛውን ጊዜ ጌጥ ነው፤ ምንም አይሸከምም። «የውሸት ቤት ቢፈርስ ምን ይጎድላል? እኛን ለማስወጣት የተሠራ ሰፈር አይደለም እንዴ?» እያልኩ ለጓደኛዬ አብራራለት ነበር። እሱ ለነገሩ ምንም አልጠየቀኝም።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን እኩሌታው ነው። ፖል ዊሊያምስ የሚባሉ ጥቁር አርክቴክት ነበሩ፤ በ1894 እዚሁ ከተማ የተወለዱ። የስፔኑንም የእንግሊዙንም ዓይነት ቤት ለሀብታም ነጮች ሲነድፉ፣ አጠገባቸው መቀመጥ ለማይወድ ደንበኛ ብለው ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ወረቀቱን ገልብጠው መሣል ተለማመዱ። ራሳቸው እንዳይኖሩ በተከለከሉባቸው ሰፈሮች ቤት ይነድፉ እንደነበር በ1937 በአንድ መጽሔት ላይ ጽፈዋል። እኔ ስለ ክልከላው ስናገር እሳቸውን አላነሣም ነበር፤ የሴትዮዋን አባትም እንዲሁ። ቤቱ ማስመሰያ ነው ብንል እንኳ የመስኮቱን ገመድ በየዓመቱ የፈተሸው እጅ አላስመሰለም። ከተከለከሉት ወገን የሆነ ሰው ገብቶ የጠበቀውን ቤት፣ ስለ ተከለከሉት እያወራሁ አፈረስኩት።

መስኮቶቹን በኤሌክትሪክ መጋዝ ነው ያወጣናቸው። መቃኑ ሲቆረጥ ብረቶቹ ግድግዳው ውስጥ ወረዱ፤ ወለሉ ነዘረ። የተቆረጠውን እንጨት አንሥቼ አየሁት። ዳግላስ ፈር የሚባለው ነው፤ ዕድሜ ከጠገበ ዱር የተቆረጠ፣ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው በዓይን ለመቁጠር የሚያስቸግሩ። ያን ያህል ዘመን ግድግዳ ላይ ኖሮ ሙጫው ገና ይሸታል፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንዳለ ጽድ። ጥሩ ሽታ ነው ብዬ አሰብኩ። ቁራጩን ኮንቴይነር ውስጥ ጣልኩና ወደሚቀጥለው መስኮት ሄድኩ። በምትካቸው ነጭ የቪኒል መስኮት ገባ።

ጥፋቴን ያወቅኩት ግን ያኔ አይደለም። ወይም ያኔ አውቄ ነበር፤ ለራሴ የታወቀኝ ፎቶ አንሺው የመጣ ቀን ነው። ቤቱን ከፊት ለፊት ሊያነሣ ሲያዘጋጅ፣ ከጎን እንዲያነሣውና እስኪመሽ እንዲጠብቅ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ጣሪያውና ቅስቱ ይውጡ፤ መስኮቶቹ ብዙ አይታዩ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መስኮቱ የተሻለ ነው ብዬ የማምን ሰው ለምን እደብቀዋለሁ? ገዢ ይወደዋል ብዬ ያስገባሁትን ከገዢ እየደበቅኩ ነበር። ፎቶው አምሮ ወጣ። ማስታወቂያውም «የ1928 ውበቱን የጠበቀ ስፓኒሽ» አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከታወቀኝ በኋላ ማለት ነው።

ቤቱ ቶሎ ተሸጠ። ማስታወቂያው እንደወጣ ሰሞን ሴትዮዋ ደውለው ነበር፤ አላነሣሁም። ሁለተኛ አልደወሉም።

በ2024 መጀመሪያ የአዲስ አበባው ፒያሳ ሲፈርስ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ አዘንኩ። ባለ እንጨት ሰገነቶቹ ቤቶች ሲወርዱ በስልኬ አየሁ፤ ቅርስ ስለማያውቁ ሰዎች ረጅም ነገር ጻፍኩና ከመለጠፌ በፊት ደግሜ አነበብኩት። ከጻፍኩት ውስጥ እኔን የማይመለከት አረፍተ ነገር አልነበረም። አጠፋሁት። ይህን እንደ በጎ ሥራ አልቆጥረውም፤ ማፈር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ኑዛዜው ጎዶሎ ይሆናል። ከዚያ ቤት ያገኘሁት ትርፍ የራሴን ቤት ቅድመ ክፍያ ሸፈነ። የገዛሁት ስፓኒሽ ነው፤ ከተማው ታሪካዊ ብሎ በሚጠብቀው ክልል ውስጥ ያለ፣ የውጭ ገጽታውን ያለ ፈቃድ መንካት የማይቻልበት። ስፈልግ መስኮቶቹ ያልተቀየሩ እንዲሆን ለደላላው ነግሬው ነበር። ገመድ መቀየርም ተምሬያለሁ። ካሳ እንዳይመስላችሁ፤ የምጠግነው ለራሴ ነው። ለሌላ ሰው አይገባም ብዬ ያፈረስኩትን ለራሴ መርጬ ገዛሁ ማለት ነው፤ ውበቱን አላውቅም ነበር እንዳልል ያደረገኝም ይኸው ግዢ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ማስታወቂያውን የጻፈው የእኔ ብጤ ሊሆን ይችላል። ሲመሽ የተነሣ ፎቶ አይታችሁ አትወስኑ። በቀን ሂዱ፤ መስኮቱን ራሳችሁ ክፈቱና ዝጉት፤ ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ከጮኸ ድራይዎል ነው። ለምትሸጡም እላለሁ፦ ገዢው ቤታችሁን እወደዋለሁ ካለ ምኑን እንደማይነካ በጽሑፍ ጠይቁት። ሴትዮዋ አልጠየቁኝም፤ አምነውኝ ነበር። ቢጠይቁኝ ኖሮ አልፈርምም ነበር።