ፍሬን የበጠሰ ትውልድ ፍሬን ሲገዛ

ታላላቆቻችን ሲቆጡን ከሚያወጡልን ስም ሁሉ «ፍሬን የበጠሱ» የሚለው ይገርመናል። አምሽተን ገባን፣ ፍሬን በጠስን። ሙዚቃ ከፍ አደረግን፣ ፍሬን በጠስን። ሌላውን ተዉትና ሳይክል ለምንነዳ የጎንደር ልጆች ግን ስድቡ ቃል በቃል እውነት ነው። ስንቶቻችን ነን ሊበጠስ አንድ ክር የቀረው የፍሬን ሽቦ ይዘን ቁልቁለት የምንወርደው?

ባሕር ዳር ያላችሁ ወዳጆቻችን ይህ ወሬ ብዙም ላይገባችሁ ይችላል። እናንተ ፔዳል መምታት ስታቆሙ ሳይክሉም ቀስ ብሎ ይቆማል። እኛ ዘንድ ፔዳል ስታቆም ነው ጉዞው የሚጀመረው። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን ሲቆረቁሩ ሳይክል በሐሳባቸው አልነበረም መሰለን፤ ከጎሃ ወደ ፒያሳ ቁልቁል፣ ከቁስቋም ስትመለስ ቁልቁል፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞም ቁልቁል።

እናላችሁ፣ እንዲህ ባለ ከተማ እየኖርን ሳይክል ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ስንት ማርሽ አለው?» 21 ከሆነ ደስ ይለናል። ቀጥለን ከፊት ያለውን ሞላ እንጫነዋለን፤ ሲንጠራወዝ የበለጠ ደስ ይለናል። ከዚያ ቀለሙ። ፍሬኑንማ ሱቁ ውስጥ ቆመን አንዴ ጨበጥ እናደርገውና «ይሠራል» ብለን እንከፍላለን። በቆመ ሳይክል ላይ የማይሠራ ፍሬን የት አለ?

ማርሽ ለዳገት ነው። ዳገትን ግን ሳንባ ይወጣዋል፤ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ደግሞ በሳንባ አንታማም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ሁላችንም ያወራነው ስለ ዳገት ነበር። ቁልቁለቱን ግን ሳንባ አያወርደውም። ዳገት ያቃተው ሰው ወርዶ ይገፋል፤ ቁልቁለት ያቃተው ሰው ግን የሚወርድበት ጊዜ የለውም።

የነገሩን ክብደት ለማየት ሊማሊሞን እናስብ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ገደሉን ይዞ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አሁን ትንሽ ፊዚክስ። እኛና ሳይክላችን ተደምረን 80 ኪሎ ብንመዝንና 1000 ሜትር ብንወርድ የሚለቀቀው ኃይል 784 ኪሎ ጁል ያህል ነው። በዝግታ ከወረድን ከዚህ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ይህ ሙቀት ከሁለት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሁለት ጀበና ቡና በፍሬናችን እያፈላን ነው የምንወርደው ማለት ነው! ለዚህ ነው ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ጨብጦ መውረድ የማይመከረው። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ እንዲበርድ መተው።

ታዲያ የትኛውን እንግዛ? ገበያው ላይ በደምሳሳው ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው ቸርኬውን በጎማ ቆንጥጦ የሚይዘው ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንም ይጠግነዋል። ከተማ ውስጥ በበጋ ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን ቸርኬው ይረጥባል፣ ጭቃ ይይዛል፣ ያን ጊዜ ጎማው ይንሸራተታል። በተለይ ቸርኬው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ዝናብ ላይ አትመኑት፤ አሉሚኒየሙ ይሻላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሁለተኛው በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ነው። ዲስኩ መሐል ላይ ስላለ ከጭቃው ይርቃል፤ የሚግለውም እሱ እንጂ ቸርኬው አይደለም።

ሦስተኛው በዘይት የሚሠራው ሃይድሮሊክ ነው። በአንድ ጣት ያቆማል፣ ሸራው ሲያልቅም ራሱን ያስተካክላል። በጉልበት ከተመዘነ አሸናፊው እሱ ነው። ነገር ግን የሳይክል ዘይት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንዱ ማዕድን ዘይት ነው፤ ሺማኖ የሚጠቀመው ይህንን ነው። ሌላው ዶት የሚባለው የመኪና ፍሬን ዘይት ነው። የኛ ከተማ የባጃጅ መካኒክ እጁ ላይ ያለው ዶት ነው። በቅን ልቦና «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ሺማኖው ውስጥ ከጨመረው ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይሞታል። ያውም ጎንደር ሳይሆን ቁልቁለቱ መሐል ነው የሚሞተው።

የኛ ምርጫ ስለዚህ ሁለተኛው ነው። «ጥሩ ፍሬን» ማለት ካታሎግ ላይ አንደኛ የወጣው ብቻ አይደለም፤ በምንነዳበት አገር የሚጠገነው ነው። ሽቦ ደባርቅም ላይ ሽቦ ነው። የዲስኩን ስፋት ደግሞ ተመልከቱ፤ 160፣ 180 እና 203 ሚሊ ሜትር አለ። ሰፋ ሲል ጉልበቱም ይጨምራል፣ ሙቀቱንም ይችላል። ፎርኬላው ከፈቀደ የፊቱን 180 ማድረግ ለኛ ተራራ ተገቢ ወጪ ነው።

ሸራውም ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው ድምፅ የለውም፣ ጭቃ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ከብረት ብናኝ የተሠራው ይጮኻል፣ ሙቀትና ክረምት ግን ይችላል። ይህንን ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ለስላሳ ሸራ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሸራው ከ0.5 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ ጊዜው አልፏል። ፍሬን ሲጮህ ደግሞ ዘይት ጠብ የሚያደርግ ወዳጅ ካላችሁ እጁን ያዙት፤ ዘይት የነካው ሸራ ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን ማቆሙንም ይተዋል።

አሁን ስለ ፊቱ ፍሬን። «የፊቱን ከያዝሽ ትገለበጫለሽ» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ የፊቱን ነቅለን የምንጥል፣ ለኋለኛው ደግሞ የጫማ ሶላችንን የምንመድብ ሞልተናል። እውነቱ ግን ስናቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው በድንጋጤ መጨበጡ ነው። ወገብን ወደ ኋላ አድርጎ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ይለመዳል። ሜዳ ላይ ይለመድ እንጂ! ጣታችን አጠር ላለ ሴቶች ደግሞ አብዛኛው የፍሬን መያዣ ወደ እጅ የሚያቀርብ ትንሽ ብሎን አለው። ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ጠይቁ።

መንገዱ ሰላም የሚሆንበትን ቀን ሁላችንም እንጠብቃለን። ያን ቀን ወደ ደባርቅ የሚወጣው ብዙ ነው፣ ሊማሊሞን የሚወርደውም እንዲሁ። እስከዚያው ግን ለማርሽና ለቀለም ልንጨምረው ካሰብነው ብር ላይ ቀንሰን ሽቦ፣ ሸራና ዲስክ እንግዛ። ሳይክል ያለው ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት ካለችን ደግሞ ዛሬውኑ የፍሬኑን ሽቦ ጫፍ እንይላቸው። አንድ ክር ከተፈተለ ነገ አይባልም።

በአምሽቶ መግባት ግን አሁንም ፍሬን በጣሾች ነን። ቸር ያሰንብተን!