«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ ስለ ላፕቶፕ ነው። ምናልባት መጨረሻ ላይ ብዙም አይራራቁ ይሆናል።

ቡሬ አልጋ ይዤ ነበር። ከከተማው ወጣ ብለው ባሉ ቀበሌዎች ገበሬዎችን ስለ ማዳበሪያ አነጋግሬ ተመልሼ፣ የሁለት ሰዓት ድምፅ እየሰማሁ ዘጠኝ ገጽ ገልብጫለሁ። መብራት ሄደ። ባትሪዬ ቢቆይ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እንደ ልማዴ ክዳኑን ዘግቼ አስተኛሁት። መብራት ሲመጣ ስከፍተው እስክሪኑ ተዥጎርጉሯል፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴና ነጭ መስመር፣ በመካከሉ የጽሑፌ ቁራጭ ብልጭ ድርግም ይላል። ዘጠኙን ገጽ ደግሞ ሴቭ አላደረግሁም። (አውቃለሁ። አትቆጡኝ።)

የመጀመሪያው አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ፍኖተ ሰላም አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ትሁት ነው፤ ሊኑክስ መሆኑን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ ይሄን አጥፍተን ዊንዶውስ እንጫንበት። ፎርማት ካልተደረገ አይድንም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ፎርማት ሲያደርግ ነው ያስተማሩት፤ ደንበኛውም የሚከፍለው ለዚያ ነው። እኔ ግን ወደ ሊኑክስ የገባሁት የፎቶ ቤት ፍላሽ ያመጣው ቫይረስ ፎልደሮቼን ሁሉ ሾርትከት ካደረገብኝ በኋላ ስለሆነ መመለስ አልፈለግሁም።

ጎግል እንዳላደርግ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት ወቅት ነበር። ያለኝ ማሽኑ ራሱ ብቻ ነው።

ካፕስ ሎክን ስጫን ትንሿ መብራት በራች፤ ደግሜ ስጫን ጠፋች። እፎይ! ማሽኑ ነቅቷል፤ የታመመው ምስሉ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት የማብሪያ ቁልፉን ጨቁኖ ማጥፋት ዘጠኙን ገጽ መቅበር ነበር። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስጫን ጥቁር የጽሑፍ ገጽ መጣ፣ ጥርት ያለ። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 ስመለስ (በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ1 ወይም ኤፍ7 ነው) እስክሪኑ እንደ ድሮው ሆነ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሴቭ ነው።

ከዚያ ምክንያቱን ፍለጋ ገባሁ። «ጆርናልሲቲኤል» የሚባለው ትእዛዝ የማሽኑን ውሎ በደቂቃ በደቂቃ ያሳያል። ከእንቅልፍ በነቃባት ደቂቃ ላይ የሚያማርረው «አይ915» የተባለው የምስል ድራይቨር ነበር። «ሞድኢንፎ አይ915» ብዬ ስጽፍ ድራይቨሩ የሚቀበላቸውን ቅንብሮች በሙሉ ዘረዘረልኝ፤ እያንዳንዱ ከአንድ መስመር ማብራሪያ ጋር፣ ያለ ምንም ኢንተርኔት። ከመካከላቸው ፒኤስአር የሚባል አለ። ምስሉ ሳይለወጥ ሲቆይ ማሳያው የመጨረሻውን ምስል በራሱ ሜሞሪ ይዞ ራሱን ያድሳል፤ ቺፑ ያርፋል፤ ባትሪም ይቆጠባል። የእኔ አሮጌ እስክሪን ሲነቃ ከቺፑ ጋር አልተግባባም ብዬ ጠረጠርኩ።

ጥርጣሬን መሞከር ደግሞ ቀላል ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ በሚመጣው የግረብ ሜኑ ላይ «ኢ»ን ተጭኜ፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «አይ915.ኢኔብል_ፒኤስአር=0» ብዬ ጨመርኩ፤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በዚህ መንገድ የገባ ለውጥ ለዚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካልሠራ አጥፍቶ ማብራት ነው፣ የሚጠፋ ፋይል የለም። አሥር ጊዜ ዘጋሁ፣ አሥር ጊዜ ከፈትኩ። አንዴም አልተዥጎረጎረም። ከዚያ በኋላ ነው በግረብ ፋይሉ ላይ በቋሚነት ያሰፈርኩት። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቅ ይሆናል፤ ይለቅ።

የሁሉም ላፕቶፕ በሽታ ይሄ አይደለም። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው የሚፈልገው ቅንብር ሌላ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ የካርዱ ሜሞሪ ይዘት እንዲቀመጥ የሚያደርግ። የእንቅልፉ ዓይነትም ሁለት ነው፣ ቀላልና ከባድ፤ አንዱ ሲያስቸግር ሌላውን መሞከር ይቻላል፣ ማሽኑ ሁለቱንም ከያዘ።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። መልሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኛ ደግሞ ስንታመምም፣ መሥሪያ ቤት ሲበላሽም፣ መዝገቡን ሳንገልጥ ነው «ከዜሮ እንጀምር» የምንለው። ስንት መሥሪያ ቤት ስሙና መዋቅሩ ተለውጦ ወረፋው እዚያው እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

በማግስቱ በሚኒባስ ማንኩሳን አልፌ ፍኖተ ሰላም ስገባ ልጁ ጋ ጎራ አልኩ። ላፕቶፑን ደጋግሞ ዘጋ፣ ከፈተ። «ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር እንዴ?» አለና ትእዛዞቹን በደረሰኝ ጀርባ ጻፋቸው። ጠረጴዛው ላይ «ለፎርማት» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው አራት ላፕቶፖች ነበሩ። አንደኛውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ወንበር ሳበልኝ።

የማዳበሪያው ጽሑፍ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሰው እጅ፣ በፍላሽ ተላከ። ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ።