ከብየዳው ጎን

ብየዳ ስጀምር ልቤን የገዛው የመስመሩ ማማር ነበር። ቱቦላሬና ላሜራ እየገጠምኩ በርና መስኮት ስሠራ፣ በ6013 ኤሌክትሮድ እኩል የተደራረበ መስመር ማውጣት የሙያው ጫፍ ይመስለኝ ነበር። ተራው ብረት ደግሞ ለጀማሪ ይመቻል፤ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ሞቆ ቢቀዘቅዝም ጠባዩ ብዙ አይለወጥም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ የወፍጮ ዕቃ ነው፤ የተሰነጠቀ የኩሽኔታ ቤት፣ ካስት አይረን። ባለወፍጮው እህል የያዘ ሰው ተሰልፎበት ስለነበር ቶሎ በይዱልኝ አለ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ግን ነገ እንዲመለስ ነገሩት። እኔ ውስጤ ተቃጠለ። ሥራ ማለት እጅ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ጠርዙን ግራይንደር አስነኩት። ተራ ብረት ረጅምና ደማቅ ፍንጣሪ ይረጫል፤ የዚህ ግን አጭርና ቀላ ያለ ነበር። ትራፓኖ ሲገባበትም የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ወጣው። ካስት አይረን በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው። ሲበየድ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚስብበት፣ ከመስመሩ ጎን ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። የተጨመረው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ካስት አይረን ደግሞ መለጠጥ አያውቅም። የሚሰነጠቀው እንግዲህ እኔ የምኮራበት መስመር ሳይሆን አጠገቡ ነው።

ስንጥቁ እንዳይሮጥ ጫፍና ጫፉን በሱት። በቪ ቅርፅ ከፈቱት፣ የጠጣውን ዘይት በእሳት አወጡለት። በኒኬል ኤሌክትሮድ ከአውራ ጣት የማይበልጥ መስመር ይጥላሉ፤ ትኩስ እያለ በትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጡታል፤ እጅ የሚያስነካ እስኪሆን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እንደገና ሌላ ቦታ። በመጨረሻ ዐመድ ውስጥ ቀበሩት። ያ መጠበቅ ብየዳው ራሱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም ብረታ ብረቶች በየጠባያቸው አየኋቸው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የለበሰው ኦክሳይድ ግን ከ2000 በላይ ይፈልጋል፤ ሳይፋቅ ከተበየደ ላዩ ሳይነቃነቅ ውስጡ ይፈስሳል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ላይ ያለው ዚንክ ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ይተናል፤ ጭሱን የሳበ በያጅ ማታ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ዛሬ ዕቃ ሲመጣልኝ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ፍንጣሪውን አያለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ቸኩሎ ሌላ ጋ ይሄዳል። ይሂድ። የኩሽኔታ ቤት የሚይዘው የወፍጮ ዘንግ እህል ከሚያስፈጩ እናቶች አጠገብ የሚሽከረከር ነገር ነው።