ውሻ በበላበት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባል በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ለወቀሳ የሚውል ነው። ለሆዱ ያደረውን፣ ያጎረሰውን እጅ እያየ ድምፁን የሚለዋውጠውን ሰው ለመንቀፍ ይነገራል። የአባባሉን ቅርፊት ልጦ ፍሬውን ለሚመረምር ግን ሌላ ቁም ነገር ይገኝበታል። ውሻው የሚጮኸው ስለ በላ ነው፤ የሚበላውም ስለሚጮኽ ነው። በዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጥንታዊ የሥራ ውል ሰፍሯል። ሌሊቱን ሙሉ ደጅ የሚጠብቅ፣ ከእረኛው ጋር የሚውል፣ ጅብን ከበረት የሚመልስ ፍጡር ደመወዙን የሚቀበለው በምግብ ነው። ስለዚህም «ውሻ ምን ይብላ?» የሚለው ጥያቄ ያገለገለን ፍጡር ዋጋ እንዴት መክፈል ይገባል ከሚለው ጥያቄ አይለይም።

ውሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። በጀርመን አገር፣ ቦን ከተማ ውስጥ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኘ። በመቃብሩ ውስጥ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ዐፅም ጋር የውሻ ቡችላ ዐፅም ተቀብሮ ነበር። ዕድሜው 14,000 ዓመት ገደማ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥርሶቹን የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፣ ቡችላው ከመሞቱ በፊት በጽኑ ሕመም ተሠቃይቷል፤ ሰው ባያስታምመውና ባይመግበው ኖሮም ያን ያህል ጊዜ ሊቆይ ባልቻለ ነበር። ያ ቡችላ ለአደንም ሆነ ለጥበቃ ገና አልደረሰም ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ግን ከራሱ ምግብ ቀንሶ አጎረሰው፤ ሲሞትም ከወገኖቹ ጋር ቀበረው።

«ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» የሚል ሌላ ተረትም አለ። በዚህ ረገድ ሳይንስ ተረቱን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ ውሻን ከተኩላ ከሚለዩት ነገሮች አንዱ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች ለመፍጨት የሚረዳው ጂን ብዛት ነው። ይህ ጂን በተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሻ ከአራት እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ገበሬው ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲያቦካና ሲጋግር፣ ከምድጃው ዳር የተጋደመው ውሻም አብሮት ተለውጧል ማለት ነው። የውሻ ሆድ የተቀረጸው ሰው በሚያበስለው ምግብ ነው፤ በቂጣው፣ በቅንጬው፣ በአጥንቱና በመረቁ።

ታዲያ ውሻውን ከምድጃው ዳር አንሥቶ ወደ ከረጢቱ የወሰደው ምንድን ነው? ነገሩ የሚጀምረው በ1860ዎቹ፣ በለንደን ከተማ ነው። እንደሚተረከው፣ የመብረቅ መከላከያ ለመሸጥ ወደ እንግሊዝ የተሻገረ ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ፣ በወደብ አጠገብ የተጣለውን የመርከበኞች ደረቅ ብስኩት ውሾች ሲሻሙበት ያያል። እርሱም ከስንዴ፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የአደን ውሾች የነበሯቸው የእንግሊዝ ባላባቶች ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቆርቆሮ ለጦርነቱ በመፈለጉ፣ በአሜሪካ በጣሳ የታሸገው የውሻ ምግብ ለደረቁ ቦታውን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1957 የቁርስ እህል ከሚመረትበት ዘዴ የተወሰደ ማሽን ለውሻ መኖ ዋለ፤ የተፈጨ እህልና የሥጋ ዱቄት በእንፋሎትና በኃይለኛ ግፊት ተቦክቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ ይነፋል፣ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በላዩም ስብ ይረጭበታል። ዛሬ በዓለም ሁሉ በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ፍሬ የዚያ ማሽን ልጅ ነው።

ለደረቁ መኖ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ፍትሕ አይደለም። በጥንቃቄ የተመረተው ለውሻ ሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ በስሌት ይይዛል፤ ቶሎ አይበላሽም፣ የማብሰያ ጊዜ አይፈልግም፤ በእርሱ ብቻ ተመግበው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ውሾችም እጅግ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ትኩሱ ምግብ የሚልቅባቸው ነገሮች አሉ። በደረቁ መኖ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 10 ገደማ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ በተቀቀለው ምግብ ከመቶ 70 ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ውሻው ከምግቡ ጋር ይጠጣል ማለት ነው። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ውሻ፣ ከሕመም የተነሣና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ውሻ፣ ጠጠር የመሰለውን ፍሬ ትቶ ሽታው የሚያውደውንና ለስላሳውን ይቀምሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ደረቅ መኖ የተመገቡት ውሾች ክብደታቸውን ጠብቀው ለመቆየት ትኩሱን ከተመገቡት ይልቅ ብዙ መብላት አስፈልጓቸዋል፤ የጣሉት እዳሪም ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን በልጧል። የበላው ምግብ ከሰውነቱ ጋር ሳይዋሐድ የሚወጣ ከሆነ፣ ሳህኑ መሙላቱ ብቻውን መጥገብን አያሳይም።

ሌላው ልዩነት የማየት ጉዳይ ነው። ድስት የሚጥድ ሰው የሚጨምረውን ያያል፤ ከረጢት የሚቀድ ሰው የሚያየው ሥዕሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን አሜሪካ የብዙ ዓይነት የውሻና የድመት ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከቻይና የመጣ የስንዴ ፕሮቲን ነው ተብሎ የተገዛው ዱቄት ሜላሚን በሚባል ለፕላስቲክ ሥራ በሚውል ኬሚካል ተበክሎ ነበር። ኬሚካሉ በላቦራቶሪ ምርመራ የፕሮቲኑን መጠን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ማጭበርበሩ ትርፍ ነበረው። ኩላሊታቸው የተጎዳ ብዙ እንስሳትም ሞቱ። አምራቹ፣ አጓጓዡና ሻጩ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ሲለያዩ፣ ጥፋቱን መጀመሪያ የሚያውቀው መናገር የማይችለው በላተኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ፍቅር ብቻውን ምግብ አብሳይ እንደማይሆን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተደረገ ጥናት ለውሻ በቤት የሚዘጋጁ 200 የምግብ አሠራሮችን መርምሮ፣ ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር የሚጎድላቸው መሆኑን አሳይቷል። ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ አጥንቱም ይለመልማል የተባለው ቡችላ አጥንቱ ይጣመማል። ስለዚህ ትኩስ ምግብ ከደረቁ የሚበልጠው ዕውቀት ሲታከልበት ነው።

ጉዳዩ ወደ አገራችን ሲመጣ ከዕውቀት በፊት አንድ የቆየ ትዝታ ይቀድማል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዋዜማ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው የረሃብ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተሰባጥሮ በቴሌቪዥን ታየ። ከምስሎቹ መካከል ለቤተ መንግሥቱ ውሾች ሥጋ ሲሰጥ የሚያሳየው ይገኝበታል። የዚያ ምስል ኃይል ከውሻው የመነጨ አልነበረም፤ ውሻው የተሰጠውን በላ። ኃይሉ የመነጨው አንዱ ገበታ ተትረፍርፎ ሌላው ባዶ ከመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ስለ ውሻ ሳህን የሚናገር ሰው ስለ ሰው ሳህን ሳይናገር ማለፍ አይችልም።

ዛሬም ቢሆን በአዲስ አበባ ከሆቴሎች የተረፈው ምግብ ተሰብስቦና ተቀላቅሎ፣ «ቡሌ» ተብሎ ለድሃው ይሸጣል። እንዲህ ባለ ከተማ «ለውሻ ድስት መጣድ ቅንጦት አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚናቅ ጥያቄ አላነሣም። ለሰው የሚሆን ምግብ ለሰው መቅደም አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ቅንጦቱ የቱ እንደ ሆነ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ባሕር ተሻግሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣው ከረጢት ነው ወይስ ከሥጋ ቤት የሚወጣው ሰው የማይበላው ቁርጥራጭ፣ ሳንባው፣ ጣፊያውና የተላጠው ጅማት? የሰውን አፍ የማይሻማው የኋለኛው ነው።

ይህን ጉዳይ አንድ የመዲናዋ ግቢ በገዛ መንገዱ ፈትቶታል። የቤቱ እመቤት ለጥበቃ ላሳደገችው ውሻ ውድ የሆነ ደረቅ መኖ ገዛች፤ ውሻው ግን ሳህኑን እያሸተተ ይመለስ ጀመር። እመቤቲቱ ሽማግሌውን ዘበኛ «ጋሼ፣ ምን ነካብኝ? ለምን አይበላም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አመንትተው፣ «እትዬ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚያመሸው፤ ከእኔ ጋር ይበላል» አሉ። ለካስ ከቤታቸው በፌስታል ቋጥረው ከሚያመጡት እንጀራ ለውሻው ሲያካፍሉት ኖረዋል። በአንድ በር ላይ የቆሙ ሁለት ዘበኞች በአንዱ ደመወዝ ያድሩ ነበር ማለት ነው። ከረጢቱ ሲያልቅ ሌላ አልተገዛም። ገንዘቡ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ እጅ ለሽማግሌው ራት፣ ሌላው እጅ ለውሻው ድስት ሆነ።

ትርፍራፊን እንዲሁ መድፋትም ቢሆን ማብላት አይባልም። በብዙ ቤት ውሻ ከባለቤቶቹ ጋር ይጾማል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ሳህኑ ላይ የሚወርደው እንጀራና ሽሮ ነው። የሽሮው እህል ባልጎዳው፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብም ኩላሊቱን ይጎዳል። ሰው የሚጣፍጠው ሁሉ ለውሻ መድኃኒት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ጾሙ በተፈታ ዕለት ነው። በየደጁ በሬና በግ ይታረዳል፤ ውሃ የቋጠረ እባጭ የታየበት ጉበትና ሳንባ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። በእባጩ ውስጥ ያለው የአንድ ዓይነት የኮሶ ትል እጭ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከእዳሪው ጋር ወጥቶ በሣር፣ በውሃና በእጅ ላይ ይቀራል። ውሻውን ደባብሶ ሳይታጠብ የጎረሰ ሕፃን እንቁላሉን ይውጣል፤ እባጩም በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የቀዶ ሕክምና ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትርጉሙን ያገኛል። ስለዚህ ትኩስ ማለት ጥሬ ማለት አይደለም። እባጭ የታየበት የውስጥ አካል ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት፤ ደኅና የሚመስለውም ሳንባና ጉበት ቢያንስ ለሠላሳ ደቂቃ ሳይፈላ ለውሻ መሰጠት የለበትም።

ድስቱ ራሱ ውስብስብ አይደለም። የተከካ ገብስ ወይም ሩዝ፣ የሥጋ ቤት ቁርጥራጭ፣ ጥቂት ጉበት፣ ዱባ ወይም ካሮት፣ ሁሉም በአንድነት ተቀቅሎ ይበርዳል፤ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየሙ ይነሰነሳል። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት አይገቡበትም። ይህ መነሻ ነው፤ ለቡችላ፣ ላረገዘችና ለታመመ ውሻ የሚስማማውን መጠን የእንስሳት ሐኪም ይወስናል። አቅም ያለውና ጊዜ የሌለው ሰው ደረቁን መኖ ቢያበላና ጥቂት የተቀቀለ ነገር ቢጨምርበት የሚነቀፍ አይሆንም። የሚነቀፈው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጮኽለት እየፈለገ ምን በልቶ እንዳደረ የማይጠይቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር የውሻን ጤና ከሰው ጤና፣ የውሻንም ሳህን ከሰው ገበታ ነጥሎ ማየት የማይቻል መሆኑ ነው። መምህሩ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ስለ እባጩና ስለ ጉድጓዱ አንድ ትምህርት ቢሰጥ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሰው ስለ እርድ ንጽሕና አምስት ደቂቃ ቢቆጥብ፣ የቴአትርና የራዲዮ ድራማ ደራሲውም ውሻን ለስድብ ብቻ ከመጥራት አልፎ በአንድ ትዕይንት ሳህኑን ቢያሳይ፣ ብዙ ሕፃናት ከሐኪም ቢላዋ ይድናሉ። ውሻውም የሠራበትን ያገኛል። ፋሲካ ሲመጣ በየግቢው ውስጥ ሁለት ነገሮች አስቀድመው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል፤ ለተበላሸው የውስጥ አካል ጉድጓድ፣ ለደኅናው ደግሞ የተጣደ ድስት።